ዘውዱን ለቅቆ አገሩን ያቆየ ቤት

በአረቅጥም ሆነ በቀረው ሰባት ቤት ጉራጌ ያደገ ሰው፣ ከባድ ጉዳይ የሚቆረጠው በየጆካ ሸንጎ፣ በሽማግሎች ቃል መሆኑን ያውቃል። አንድ ቤተሰብ አንድን አገር ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ ለዘመናት መግዛቱ እንግዳ ቢሆንበት አይገርምም። በሰሜን፣ ሰቆጣ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቤት ነበር፤ የዋግ አገር ገዥዎች፣ የዋግሹሞች ቤት። እንግሊዞች የስኮትላንድን ድንበር ሲጠብቅ የኖረውንና በ1309 እ.ኤ.አ. የአልንዊክን ግንብ የያዘውን የፐርሲ ቤተሰብ ታሪክ ደጋግመው ጽፈዋል። ዋግሹሞች ከእነርሱም ቀደም ያለ ሐረግ ይቆጥራሉ።

ሐረጉ ከዛጉዌ ነገሥታት፣ ከእነ ላሊበላ ይመዘዛል። በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ፣ የዛጉዌው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አስታራቂነት ዘውዱን በፈቃዳቸው እንደለቀቁ ትውፊቱ ይናገራል። በለውጡም ዋግ ለዘራቸው ተሰጠ፤ ዋግሹሙ በንጉሡ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስመታ ተፈቀደለት። የታሪክ ጸሐፊዎች በበኩላቸው የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ይትባረክ ጋይንት ላይ መገደሉን ይጽፋሉ። እኔ ሁለቱን ትረካዎች የግድ የሚጣሉ አድርጌ አላያቸውም። ደም ከፈሰሰ በኋላ የተሸነፈውን ወገን አክብሮ በአገሩ ማስቀመጥ፣ ቂሙ ዳግም ጦር እንዳያስነሳ የሚያደርግ ብልህ ውል ነው። ቤቱን ያቆየውም ይህ ውል ይመስለኛል፤ ዙፋኑን ለሌላ ትቶ ዋግን ያዘ።

ውሉን ያፈረሱት ዋግሹም ጎበዜ ናቸው፤ ምክንያትም ነበራቸው። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን አፄ ቴዎድሮስ አስገድለዋል። ጎበዜ ሸፈቱ፤ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱም አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የዛጉዌ ዘር ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ ማለት ነው። ነገር ግን አቡነ ሰላማ ቀደም ብለው አርፈው ስለነበር የሚቀባቸው ጳጳስ አልነበረም። የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት የድንቅነሽ ወንድም፣ በበኩላቸው ከግብፅ አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ፤ መቅደላ ላይ ቴዎድሮስን የወጋው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየርም ሲመለስ መሣሪያ የሰጠው ለእርሳቸው ነበር። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ፣ አሳም ላይ ሁለቱ ተጋጠሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ያሸነፉት ግን ካሳ፣ የኋላው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው በእስር ሞቱ።

ቤቱ ግን አልጠፋም። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። ጣሊያን ዳግመኛ ሲወር የዋግሹም ከበደ ልጅ ኃይሉ ከበደ የዋግንና የላስታን አርበኞች መሩ። በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ጠላት ገድሎ አንገታቸውን ቆረጠ፤ ሕዝብ እንዲፈራም ጭንቅላታቸውን ሰቅሎ አሳየ። በመጨረሻ የመሳፍንቱ ማዕረግ በሙሉ በደርግ አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ተሻረ።

አፄ ተክለ ጊዮርጊስ በብዙ የታሪክ መጻሕፍት በቴዎድሮስና በዮሐንስ መካከል ባለች አንዲት አንቀጽ ታልፈዋል። ይህ አይገባቸውም። የቤቱን ትውፊት የሚያውቁ የሰቆጣ አዛውንት ገና በሕይወት ሳሉ፣ በተለይ የዋግ ወጣቶች ተቀምጠው ይስሟቸው፤ የሰሙትንም ይጻፉት።