አሲድ ለፊት ቆዳ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

አሲድ የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመኪና ባትሪን ወይም የትምህርት ቤታችንን የኬሚስትሪ ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ወድዶና ፈቅዶ ፊቱን ይቀባዋል ቢሉን ሳናምን በቀረን ነበር። ዛሬ ግን በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከተሰለፉት የፊት ቅባቶች ብዙዎቹ የአሲድ ስም ተጽፎባቸው ይታያሉ።

እኛ ከዚህ ነገር ጋራ የተዋወቅነው በጥፋት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ልንመረቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩን፣ ለፎቶግራፉ ፊታችን ጠርቶ እንዲታይ ብለን ሎሚ ቆርጠን ጉንጫችንን አሸን፤ ወዲያውም ወደ ፀሐይ ወጣን። በማግሥቱ ጉንጫችን ቆሰለ፤ ቀጥሎም ተላጠ፤ በመጨረሻም ጠቆረ። ጥቁረቱ ለወራት አልለቀቀንም፤ የምረቃው ፎቶግራፍም የስንፍናችን ምስክር ሆኖ እስከ ዛሬ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

ታዲያ አሲድ ቆዳን የሚጠቅመው እንዴት ነው? የቆዳችን የላይኛው ገጽ እንደ ጡብ ተደራርበው በተጣበቁ የሞቱ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ከሥር አዲሱ ሲወለድ ከላይ አሮጌው ይረግፋል። ይህ ዙር በወጣት ሰው አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ዕድሜ በገፋ መጠን ግን እየዘገየ ይሄዳል። አሮጌው በጊዜው ሳይረግፍ ሲቀር ፊት ይፈዝዛል፤ ይሻክራልም፤ የቆዳው ቀዳዳ ከወዙ ጋራ ሲደፈን ደግሞ ብጉር ይወጣል። በልክ የተቀመመ አሲድ ሥራው የሕዋሳቱን ማጣበቂያ ማላላት ነው። እንደ ሻካራ ድንጋይ አይፍቅም፤ ሊረግፍ የተዘጋጀውን እንዲረግፍ ይረዳዋል እንጂ።

ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 የስዊድኑ ኬሚስት ካርል ሼሌ ከኮመጠጠ ወተት ላክቲክ አሲድን ለይቶ አወጣ። በዚሁ አቆጣጠር በ1974 ደግሞ ዩጂን ቫን ስኮትና ሩዪ ዩ የተባሉ ሊቃውንት፣ ቆዳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ለሚሆንባቸው ሕመምተኞች እነዚህ አሲዶች እንደሚረዱ በአሜሪካ በጽሑፍ አስታወቁ። የዛሬው ቅባት የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው።

አሲዶቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በሸንኮራ አገዳ የሚገኘው ግላይኮሊክና በእርጎ የሚገኘው ላክቲክ በውኃ የሚሟሙ ስለ ሆኑ በቆዳው ገጽ ላይ ይሠራሉ። ግላይኮሊክ ቶሎ ይሰርጋል፤ ላክቲክ ግን ለስለስ ይላል። ከአኻያ ዛፍ ልጥ ጋራ ዝምድና ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ስለሚሟሟ እስከ ቀዳዳው ውስጥ ይዘልቃል፤ ስለዚህም ወዛም ፊትና ብጉር ላለበት ሰው ይመረጣል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባለው ግን ስሙ አሲድ ይሁን እንጂ አይልጥም፤ እንደ ግሊሰሪን ሁሉ ውኃን በቆዳ ላይ ይይዛል። ከቫይታሚን ቢ ወገን የሆነው ኒያሲናማይድም የቆዳን መከላከያ ያጠነክራል።

እንግዲህ ሎሚውም አሲድ ከሆነ ስለ ምን አቃጠለን? መልሱ መጠን ነው። የአሜሪካ ባለሙያዎች በቤት ለሚቀቡት የግላይኮሊክና የላክቲክ ቅባቶች ያስቀመጡት ወሰን አሲዱ ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፣ ፒ ኤች የተባለው መለኪያውም ከ3.5 እንዳያንስ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በአንድ ሲቀንስ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይጨምራል። በዚህም ላይ ሎሚ ከፀሐይ ጋራ ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለበት።

ጥቁር ቆዳን ፀሐይ አይነካውም የሚለውም አነጋገር ፍጹም እውነት አይደለም። የእኛ ቆዳ ቃጠሎን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ከቆሰለ ግን ጥቁር ምልክት ቶሎ ይይዛል። አሲድ የተቀባ ቆዳ ለፀሐይ ይበልጥ ስስ ይሆናል፤ ከፍታውም በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጎጂው ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለመጀመር ያሰበ ሰው አስቀድሞ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ይሞክረው። ከዚያም በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ፣ ታጥቦ በደረቀ ፊት ላይ ይቀባና የሚያለሰልስ ቅባት ያስከትል። ጠዋት ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ አይርሳ። ካቃጠለው ይተወው፤ ካልተሻለው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ።

አንድ ነገር እንጨምር። አሲድ ቆዳን ያድሳል እንጂ የተፈጥሮን መልክ አይለውጥም። መልክ እናነጣለን እያሉ ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ይህም ኩላሊትን ይጎዳል። ሎሚ ቆርጠን ባንድ ቀን ልናምር ከሞከርነው ሰዎች የሚሰማ ምክር ካለ፣ እነሆ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።