ማውሱ ተኝቶ ነበር እንጂ አልተበላሸም

ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን ላፕቶፕ ይዘን ከንፋስ መውጫ ወጣ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደን ነበር። መብራት በሌለበት ክፍል የ40 ደቂቃው ትምህርት ተስፋው ባትሪው ነው። ስለዚህ አስቀድመን በሊኑክሱ ላይ አንድ ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም ጫንን። ታዲያ ጥቂት አብራርተን ወደ ማውሱ ስንመለስ፣ ብናንቀሳቅሰው ዝም! አንዴ ብንጫነው ዝም! በሁለተኛው ሠራ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኛም ማውሱን ረገምነው። ኋላ ስናጣራ ግን ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማውስን የመሰለ በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ የሚሠራው ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው። ዩኤስቢ 2.0 በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ማውስ ከዚህ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እሱ ነቅቶ እስካለ ድረስ ላፕቶፑም «ምን አለህ?» እያለ ሲጠይቀው ስለሚውል ራሱም በደንብ አያርፍም። ዋናው ብክነት ይኸው ነው። ስለዚህም በመስመሩ ላይ ለ3 ሚሊሰከንድ ምንም ምልክት ካላለፈ ዕቃው እንዲተኛ፣ ተኝቶም ከ2.5 ሚሊአምፔር በላይ እንዳይወስድ ተደንግጓል።

መቼ እንደሚተኛ የሚወስኑት ሊኑክስና የዕቃው ድራይቨር፣ ማለትም ላፕቶፑን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ናቸው። የተለመደው መጠበቂያ 2 ሰከንድ ሥራ መፍታት ነው። መቀስቀሻው ምልክት ቢያንስ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ዕቃው እስኪያገግም 10 ይጨመርበታል። ይህን ያህሉን ሰው ልብ አይለውም። አንዳንድ ማውስ ግን ቁልፉ ካልተጫነ በስተቀር በመንቀሳቀስ ብቻ አይነቃም። ያቺ የመጀመሪያ ጫና ለመቀስቀሻ ትውልና ከንቱ ትቀራለች።

መሐንዲሶቹም ይህን አላጡትም። እ.ኤ.አ. በ2007 ቀለል ያለ እንቅልፍ ለዩኤስቢ 2.0 ተጨመረ፤ በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ እንቅልፉን በደረጃ ከፋፈለው። በንፋስ መውጫ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ያንጎላጀ ዘበኛና ቤቱ ገብቶ የተኛ ዘበኛ እኩል አይነቁም እኮ! ዩ1 የተባለው ማንጎላጀት ቢበዛ በ10 ማይክሮሰከንድ ይነቃል፤ ዩ2 እስከ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ ዩ3 ሙሉ እንቅልፍ ነው። ዕቃው ራሱም «ይህን ያህል መዘግየት እችላለሁ» ብሎ ለላፕቶፑ መልእክት የሚልክበት መንገድ አለ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሁሉንም እንቅልፍ አጥፉት!» ይላሉ። እኛ አንስማማም። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ካሜራውና ብሉቱዙ ሳይቀሩ የተያያዙት በዩኤስቢ ነው፤ በትምህርት ሰዓት ማንም ለማይነካቸው ዕቃዎች ባትሪ ማባከን ለምን? ያ ቆጣቢ ፕሮግራም ያደረገው ሁሉንም ማስተኛት ነበር። እኛ የማውሱን ብቻ ለየን፤ ይኸውም «ፓወር» በተባለው ማኅደሩ ውስጥ ባለው «ኮንትሮል» ፋይል «አውቶ» የሚለውን «ኦን» አልነው። ሌሎቹ እንደተኙ ቀሩ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲበራ ግን ይህ ማስተካከያ ስለማይቆይ፣ ክፍል ከመግባት በፊት እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።