የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ አልበም በሐያስያንና በአድማጮች ዘንድ ያገኘው አቀባበል

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2006 ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ የወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 21ኛ አልበም አንዲት መነኩሴ ለብቻቸው በፒያኖ የተጫወቷቸውን 16 ድርሰቶች ይዟል። አልበሙ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስም ከኢትዮጵያ ውጭ በሰፊው አስተዋውቋል። የውጭ ሐያስያን ሥራውን ከብሉዝና ከጃዝ፣ እንዲሁም ከደቡሲ፣ ከሳቲና ከሾፓን ጋር እያነጻጸሩ አድንቀውታል። በሀገር ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው አድማጭ ጥቂት ነበር። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ አቀባበሎች ከምን እንደመነጩ ያብራራል። አድናቆቱም ዝምታውም የድርሰቶቹን ሃይማኖታዊ መሠረት በየፊናቸው ወደ ጎን እንደተዉት ለማሳየትም ይሞክራል።

የመጠበቅ አድማስ

ጀርመናዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሃንስ ሮበርት ያውስ እንዳስገነዘበው፣ ተደራሲ አንድን ሥራ የሚቀበለው ባዶ አእምሮ ይዞ አይደለም። ቀድሞ ያነበባቸውና የሰማቸው ሥራዎች፣ የሚያውቃቸው ዘውጎችና የሚኖርበት ማኅበረሰብ ልማድ ተደማምረው «የመጠበቅ አድማስ» ይፈጥሩለታል፤ አዲሱን ሥራ የሚመዝነውም በዚሁ ነው። ሐሳቡ የተነሣው ስለ ሥነ ጽሑፍ ቢሆንም ለሙዚቃም ያገለግላል። ስለዚህ ስለ አንድ አልበም «ተወደደ ወይስ አልተወደደም?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ተብሎ ተሰማ?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል።

የሥራው መነሻ

እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ በቀድሞ ስማቸው የውብዳር ገብሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በጎንደርም በአዲስ አበባም በከንቲባነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው የምዕራቡን ሙዚቃ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በአሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረዋል። ለንደን ሄደው ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ የተገኘው ዕድል ሳይፈቀድ ሲቀር ፊታቸውን ወደ ምናኔ መለሱ፤ በወሎ በግሸን ማርያም ገዳምም ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጎንደር ቆይታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት በጎንደር ተቀምጠው ነበር። ጎንደር የአቋቋም ማስመስከሪያዋ በዓታ ለማርያም የምትገኝበት፣ የቆሎ ተማሪ ከቆላውም ከደጋውም የሚጎርፍበት የዜማ ማእከል ነው። እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ፣ ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የሚለምኑና ሌሊት በደጀ ሰላሙ አጠገብ በቅጥር ጥግ የሚያድሩ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን ሀገር የታተመው በዚህ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ ከወጡት ሸክላዎች የተገኘው ገቢም በጣልያን ጦርነት የሞቱ ወታደሮችን ልጆች ለሚያሳድግ ማሳደጊያ መርጃ ውሏል። ሸክላዎቹ እንግዲህ ከመነሻቸው የምጽዋት ሥራ ነበሩ።

የውጭ ሐያስያን አሰማም

የውጭውን አቀባበል የቀረጸው በመጀመሪያ የተከታታዩ ማንነት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በአብዛኛው የሚታወቀው የአዲስ አበባን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የባንድ ሙዚቃ በማሳተም ነው። ከሙላቱ አስታጥቄና ከማሕሙድ አሕመድ አልበሞች ጋር በአንድ ረድፍ የተቀመጠ የፒያኖ ሥራ የጃዝ ዘመድ መስሎ ቢሰማ አያስገርምም።

ሁለተኛው ምክንያት በድርሰቶቹ ውስጥ ያለው የጊዜ አያያዝ ነው። በብዙዎቹ ምቱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል አይሄድም፤ ሐረጉ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ያርፋል። በጃዝ ልማድ ያደገ ጆሮ ይህን በቅጽበት ፈጠራነት ይተረጉመዋል። ያለ ከበሮ፣ በእስትንፋስ ልክ የሚባለውን ቁም ዜማ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ዘመድ ሊያስታውስ ይችላል። ዜማ ለመማር ጎንደር የተቀመጡ አቀናባሪ ሥራ በመሆኑም ይህ ሁለተኛው አሰማም ቢያንስ እኩል መመርመር ይገባዋል።

የአልበሙ ርእሶችም ይህንኑ ያመለክታሉ። ጎልጎታ፣ ጌቴሴማኒና የዮርዳኖስ ወንዝ የሦስት ድርሰቶች መጠሪያ ሆነዋል። ሆኖም ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሰራጨው የኬት ሞለሰን የራዲዮ ዘጋቢ ፊልም የተሰየመው በአሜሪካ መጠጥ ቤቶች የፒያኖ አጨዋወት «ሆንኪ ቶንክ» ነው። ስያሜው የፍቅር ቢሆንም መነኩሲቱን ያስቀመጠው በመጠጥ ቤት ፒያኖ ፊት ነው።

የሀገር ቤቱ ዝምታ

በሀገር ቤት ደግሞ ችግሩ የምድብ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሚሰማውን «መዝሙር» እና «ዘፈን» ብሎ ይለያል። ለማሕሌት ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አሉ፤ በገናም የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ፒያኖ ግን በዚህ ሥርዐት ውስጥ ቦታ ስለሌለው የእማሆይ ድርሰቶች መዝሙር ሊባሉ አልቻሉም። የመነኩሴ ሥራ በመሆናቸው ደግሞ ዘፈን ለማለት አይመቹም።

ቃል አልባነታቸውም ሌላ እንቅፋት ነው። የአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ ከዜማው እኩል፣ አንዳንዴም አስቀድሞ፣ ግጥሙን ይመዝናል፤ ቅኔውንና ሰምና ወርቁን ይፈልጋል። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በራዲዮ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የፕሮግራም ማጀቢያ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ የወጣው አልበም በራሳቸው ድምፅ በአማርኛ ያዜሟቸውን ሥራዎች ይዟል። ይህም ቃል ለሚሻው አድማጭ አዲስ በር ይከፍታል።

አፍቃሪዎቹ የጨመሩት

አፍቃሪዎቹ ከሐያስያኑ ርቀው ሄደዋል። ማያ ዱኒየትስ የተባለች ፒያኖ ተጫዋች በኢየሩሳሌም ከእማሆይ የተረከበቻቸውን የእጅ ጽሑፎች አደራጅታ እ.ኤ.አ. በ2013 የኖታ መጽሐፋቸው እንዲታተም አድርጋለች። ከዚያ ወዲህ ድርሰቶቹ ማንም ፒያኖ ተጫዋች ሊያጠናቸው የሚችል ሆነዋል። የፊልም ሠሪዎችም ወስደዋቸዋል። ባሏ ታስሮባት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የጠበቀች ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ የሆነው የጋሬት ብራድሊ ዘጋቢ ፊልም «ታይም» (2020) እና የሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» (2021) በእማሆይ ፒያኖ ታጅበዋል። አቀናባሪዋ ያላሰቡት ትርጉም ቢሆንም ስሕተት አይደለም፤ መከራና ተስፋ ወደ ሌላ ሕዝብ አድማስ የሚሸጋገሩት እንዲህ ነው።

ማጠቃለያ

ሐሳቡ «ብሉዝ ነው» ያለው ሐያሲ ተሳስቷል ለማለት አይደለም። የሰማው በራሱ ጆሮ ነውና። የሚጎዳው ስያሜው ጥያቄውን ሲዘጋው ነው። ሥራው ጃዝ ተብሎ ከተመደበ የሚያጠናው የጃዝ ተመራማሪ ብቻ ይሆናል። «መዝሙርም ዘፈንም አይደለም» ተብሎ ከተተወ ደግሞ በተወለደበት ሀገር የሚያጠናው አይገኝም። የኖታ መጽሐፉ በእጅ ነው፤ የዜማ መምህራኑም በጎንደር ጉባኤ ቤቶች ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። ኖታውን ይዞ ከመሪጌታው ፊት መቀመጥ፣ የአንዱን ሐረግ አካሄድ ከሌላው ጋር ማስተያየት ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪ የቀረበ ሥራ ነው። እማሆይ በ1960ዎቹ ጎንደር የሄዱት ያንኑ ዜማ ለመስማት ነበር።