ብሬከሩ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ምጣዱ ግሎ እንጀራው መውጣት ሲጀምር ብሬከሩ ይወድቃል። ያነሡታል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይወድቃል። በብዙ ቤት ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። የሰፈር ባለሙያ ይጠራል፣ 16 አምፔሩን ነቅሎ 32 ይተክላል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወድቅም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ የሚጠብቀውም የለም።

የቤት ብሬከር የተሠራው ለሽቦው ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ የዕቃውን ዋት ለዚህ ብናካፍል ስንት አምፔር እንደሚስብ እናውቃለን። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ብቻውን መስመሩን ሞላው ማለት ነው። በዚያው መስመር 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ቢሰካ 9 አምፔር ይጨመርና 25 ይደርሳል። ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ይበልጥ ይፈጥናል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ እየጋለ ከከረመ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ።

ብሬከሩ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ተጣብቀው የተሠሩ ሁለት ዓይነት ብረቶች ናቸው፤ ሲሞቁ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚረዝም ጥንዱ ይጎብጥና መቆለፊያውን ይለቃል። ይህ ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ከምጣዱ ጋር ማፍያው ሲሰካ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የሽቦ ጥቅል ነው፤ ሾርት ሲሆን ማግኔት ሆኖ ወዲያው ይጥለዋል። ስለዚህ ባለሙያው «መቼ ነው የሚወድቀው? ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ምን ምን ተሰክቶ ነበር?» ብሎ ከጠየቀ ሥራውን ያውቃል። ሳይጠይቅ ካቻቪቴውን የሚያወጣ ሰው አያሳምነኝም።

በመዳብ ሽቦ የተለመደው ልክ ይህ ነው፦ ለመብራት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከ10 አምፔር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ከ16 ጋር፣ ለምጣድ 4 ከ25 ጋር። ምጣድ የራሱ መስመር፣ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ፣ ሊኖረው ይገባል። ችግሩ የሚብሰው ከትልቁ ቤት ሽቦ በተሳበላቸው ሰርቪስ ቤቶች ነው። አንድ ክፍል ለማብራት የተሳበው ቀጭን ሽቦ ከጊዜ በኋላ የሁለት ቤተሰብ ምጣድ ይሸከማል፣ ከዚያ ላይ ዲቫይደር፣ በዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር። አከራዩ «ምጣድ አትሰኩ» ብሎ ማለፉን ትክክል አልለውም። ተከራይ እንጀራ መጋገሩ አይቀርምና ሽቦውን መቀየር የአከራዩ ግዴታ ነው።

ብሬከሩ ጨርሶ የማያየው ነገርም አለ፤ የላላ መጋጠሚያ። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብሎን ላልቶ አንድ ኦም የኮረንቲ ተቃውሞ ብቻ ቢጨምር እንኳ፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 256 ዋት ሙቀት በዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። አምፔሩ አልጨመረምና ብሬከሩ ዝም ይላል። ምልክቱን የምናየው እኛ ነን፦ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ሲነቀል መሰኪያው ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ስካቶላው ሲከፈት ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በቴፕ ብቻ ከተጠቀለሉ፣ በማያያዣ እንዲታሠሩ ይጠይቁ።

ሰውስ? ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ እጅ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ከ30 በላይ ጥቂት ከቆየ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊ አምፔር ነው። ኮረንቲ የያዘው ሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚስብ ብሬከሩ አይሰማውም። ምጣዱ ደግሞ ሸክላ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ ሪዚስታንሱ ተዘርግቷል። ሲሰነጠቅና ሊጥ ሲገባበት ኮረንቲው ሸክላውን ወደ ያዘው የብረት አካል ይወጣል፣ እርጥብ እጅ ይጠብቃል።

ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ መሬት ከተቀበረው የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኛል፤ የፈሰሰው ኮረንቲ በእሱ ይወርዳል። ብቻውን ግን አይበቃም። ዘንጉ የተቀበረው ደረቅ አፈር ላይ ሆኖ 20 ኦም ቢያሳይ፣ 220ን ለ20 ስናካፍል 11 አምፔር ነው፤ 16ቱ ብሬከር አይወድቅም፣ ብረቱም እንደነዘረ ይቆያል። አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ በቅጽበት ይቆርጣል። በቤት ዕቃ ግዢ ቅደም ተከተል ከቴሌቪዥን በፊት የማስቀምጠው ይህን ነው።

ባለሙያ ሲመርጡ የብቃት ማረጋገጫውን፣ ሲኦሲውን፣ ይጠይቁ። መልቲሜትር ይዟል ወይስ ቴስተር ብቻ? ዋናውን አጥፍቶ፣ በእርግጥ መጥፋቱን ለክቶ ነው የሚነካው? በሽቦ ቀለም ብቻ የሚተማመንን ይጠርጥሩ፤ በአሮጌ ቤት ቀለሙ ይዋሻል። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ ያጽፉ፤ ሽቦ ሲገዛ ውፍረቱ ከላዩ ላይ የታተመ መሆኑን ይዩ። ከቆጣሪው በፊት ያለው የመብራት ኃይል ነው፣ ማኅተሙን ማንም እንዳይነካ። በድንገት አንዳንድ አምፖል ከወትሮው ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ኒውትራሉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን ወዲያው አጥፍቶ ለመብራት ኃይል መደወል ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት አርሲዲው ላይ ያለችውን «ቲ» የተጻፈባትን ቁልፍ ራስዎ ይጫኑ። መውደቅ አለበት። በየጥቂት ወሩም ይድገሙት፤ ያልወደቀ ቀን ባለሙያው እስኪመጣ ምጣዱ አይሰካ።