ስለ ንፋስ መውጫ ማን ይጻፍ? ጀማሪን ወደ ውክፔዲያ የማስገባት መላ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ንፋስ መውጫ» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁን አንብቡት። ከዚያ እናንተ ስለ አገሩ የምታውቁትን አስቡ፦ የጉናን ብርድ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈውን መንገድ፣ የጨጨሆን ገደል፣ የቤተልሔምን ድጓ። እናንተ በምታውቁትና ስልኩ በሚነግራችሁ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ያንን ክፍተት መሙላት የሚቻልበት አንዱ ቦታ ውክፔዲያ ነው።

ውክፔዲያ ማንም በነጻ የሚያነበው፣ ማንም ደግሞ ገብቶ የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። የተጀመረው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው ግን ወደ 15 ሺህ ገደማ ብቻ። ጉዳዩ የቁጥር ብቻ አይደለም። ጎግል ላይ የምታዩት አጭር መግለጫ ብዙ ጊዜ ከዚያ የመጣ ነው፤ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትም ሲሠለጥኑ ውክፔዲያን ያነባሉ። እዚያ ያልተጻፈ አገር ስልክ ላይም የለም ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ገብተን እንጻፍ!» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ብቻውን የገባ ጀማሪ ብዙ ጊዜ አይቆይም። በ2013 እ.ኤ.አ. አሮን ሃልፋከርና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ንቁ አራሚዎች ከ2007 በኋላ ለምን እንደቀነሱ መርምረዋል። አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነበር፦ በቅንነት የመጡ ጀማሪዎች የጻፉት ወዲያው ይሰረዝባቸዋል፣ ምክንያቱንም ቀርቦ የሚያስረዳቸው የለም፣ በቃ ይሄዳሉ። ስለዚህ አሁን በአንዳንድ ቋንቋዎች ውክፔዲያ ላይ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ጥያቄ የሚጠይቀው መካሪ ይመደብለታል። የአማርኛው ማኅበረሰብ ግን ትንሽ ነው። እዚህ መካሪው እናንተው ናችሁ።

ለጋይንት ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩት መምህሩ ብቻቸውን ሁሉንም እያስተማሩ አይደለም። ቀድሞ የገባው ተማሪ ኋላ የመጣውን ያስጠናዋል። መላው ያው ነው።

እንበልና አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለ አገሯ መጻፍ ፈልጋ ወደ እናንተ መጣች። እንዴት ታስጀምሯታላችሁ?

1. በትንሽ ይጀመር

የመጀመሪያ ቀን አዲስ ጽሑፍ አታስጀምሯት። ሙሉ ገጽ ጽፋ ከተሰረዘባት አትመለስም። መጀመሪያ አካውንት ትክፈት፤ ስሙ ማን እንደሆነችና የት እንደምትኖር የማይናገር ይሁን። ከዚያ ያለ ገጽ ከፍታ «አርም» የሚለውን ትንካና አንድ የፊደል ስህተት ታስተካክል። ከማስቀመጧ በፊት ምን እንደሚመስል ትይ፤ ምን እንደቀየረች ደግሞ በአጭሩ ትጻፍ፦ «የፊደል እርማት»። ይቺ አጭር ማስታወሻ ለሌሎቹ አራሚዎች «ይህች ሰው የምታደርገውን ታውቃለች» የምትል ምልክት ናት።

አማርኛ ላይ ሥራ አይጠፋም። ራሱ የከተማዋ ስም አንዴ «ንፋስ መውጫ» ሌላ ጊዜ «ነፋስ መውጫ» ተብሎ ይጻፋል። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ሲጨመሩበት አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ገጽ ሊከፈትለት ይችላል። መፍትሔው አንዱን ዋና ማድረግና ሌላውን አጻጻፍ ወደ እሱ ማዞር ነው።

2. «ይሄን ማን አለ?»

ከሁሉ በላይ ማስለመድ ያለባችሁ ጥያቄ ይህ ነው። ውክፔዲያ የሚቀበለው አንባቢ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነገር ነው፦ መጽሐፍ፣ ጥናት፣ የታወቀ ጋዜጣ፣ ይፋዊ ሪፖርት።

ጉናን እንውሰድ። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ጣና እንደሚገቡ በብዙ ቦታ ተጽፏል፤ ቀላል ነው። ከፍታው ግን በአንዱ ምንጭ 4,120 ሜትር፣ በሌላው 4,231 ሜትር ተብሎ ይገኛል። ጀማሪዋ «ተራራችን ነው፣ ትልቁን ልጻፍ» ልትል ትችላለች። መካሪው እዚህ ጋ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱንም ቁጥር ከነምንጫቸው አስቀምጪ፣ ፍርዱን ለአንባቢ ተዪው በሏት።

የሚከብደው ደግሞ የቃል ታሪክ ነው። «አያቴ ነግራኛለች» እዚያ ምንጭ አይሆንም። ብዙ ታሪካችን ያለው ሽማግሌዎች አፍ ላይ ስለሆነ ይሄ ያበሳጫል፣ ብስጭቱም ተገቢ ነው። ሆኖም አያቷ የነገሯት የተጻፈበት መጽሐፍ ወይም የዩኒቨርሲቲ ጥናት ካለ ያንን ትጥቀስ። ለምሳሌ ስለ ቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ቶማስ ፓከንሃም በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ጽፏል። የውጭ ሰው ስለጻፈው ብቻ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችል መነሻ ነው። ያልተጻፈ ከሆነ ሽማግሌውን መቅዳትና ሌላ ቦታ ማሳተም ይቀድማል።

3. በራስ ቃል

ከመጽሐፍ ወይም ከፌስቡክ ገልብጦ መለጠፍ አይቻልም። ውክፔዲያ ላይ የተጻፈ ማንም ወስዶ የሚጠቀምበት ስለሆነ የሰው ንብረት እዚያ ማስገባት የሌላውን በሬ እንደ መሸጥ ነው። አንብባ፣ መጽሐፉን ከድና፣ በራሷ አማርኛ ትጻፍ። ኤአይ የጻፈውን መለጠፍም እንደዚያው ነው፤ የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ ሊጠቅስ ይችላል። ፎቶ ከፈለገች ራሷ ያነሳችውን ትጫን፤ ለዚህ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባል ቦታ አለ።

4. ዓመተ ምሕረቱን ተጠንቀቁ

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ በኩል አስጎትተው መቅደላ አደረሱ፤ እዚያው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አረፉ። በእንግሊዝኛ ያነበበች ልጅ 1868 ታገኛለች። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ አንባቢ በ8 ዓመት ይሳሳታል። አንዴ ከተሳሳተ ደግሞ ሌላው ሁሉ ያንኑ ይገለብጣል።

5. ቁስል ያለበት ርዕስ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ለዘጠኝ ቀን ያህል በህወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ 16 የንፋስ መውጫ ሴቶች የህወሓት ተዋጊዎች አስገድደው እንደደፈሯቸው ነግረውኛል ብሏል። ይህ መጻፍ አለበት፤ መረሳት የለበትም። ግን እንዴት?

ለጀማሪዋ ሦስት ነገር ንገሯት። አንደኛ፣ ማን እንዳለው ይጠቀስ፦ «አምነስቲ እንደዘገበው»። ሁለተኛ፣ ስድብና ቅጽል አይጨመር፤ ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይሰረዛል፣ እውነቱም አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ በሰፈር የምታውቃትን ሴት የሚያስለይ አንድም ነገር እንዳትጽፍ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ምንም። ጽሑፉ ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ ሴትየዋ ግን የምትኖረው እዚያው ነው። ደግሞም ይሄ የመጀመሪያ ሥራዋ አይሁን። እጇን ከፈታች በኋላ፣ እናንተም አጠገቧ ሆናችሁ ትጻፈው።

6. ሲሰረዝባት

ይሰረዝባታል፤ ቀድማችሁ ንገሯት። ግን የተጻፈ ነገር ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም፤ ገጹ ራሱ ካልተሰረዘ የቀድሞው በገጹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል። ማን እንደሰረዘው፣ ምን ምክንያት እንደሰጠም እዚያው ይታያል። ተናድዳ መልሳ መላልሳ ከመለጠፍ «ውይይት» የሚለው ገጽ ላይ ትጠይቅ፦ «ይሄን ያነሱት ለምን ይሆን? ምንጩ ይኸውና።» የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በአንድ ቀን ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን እርማት የሚመልስን ሰው ሊያግድ ይችላል።

መካሪውስ?

ዋናው ነገር ስልኩን ከእጇ አለመንጠቅ ነው። እናንተ ከነካችሁት የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉላት፤ አሥር ስህተት ቢኖር እንኳ ዘጠኙ ይቆይ። ደግሞ ክርክር ሲገጥማችሁ «ነይ ደግፊኝ» ብላችሁ እንዳትጠሯት፤ ያ ምክር አይደለም፣ ጭፍራ ማብዛት ነው። በሁለት በሦስት ወር ያለ እናንተ መሥራት ከጀመረች በቃ፣ ጨርሳችኋል።

ኔትዎርክስ?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለእናንተ አይነገርም። ኔት በማይታመንበት አገር ሥራውን ከኔት ውጭ ማዘጋጀት ይሻላል። ኪዊክስ የሚባለው አፕ ውክፔዲያን አውርዶ ያለ ኔት ያስነብባል። ጽሑፉን ስልኩ ማስታወሻ ላይ መጻፍ፣ የመጽሐፉን ስምና ገጽ ቁጥር ሥሩ ማስፈር፣ ኔት ሲመጣ በአምስት ደቂቃ ማስገባት ነው። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታም ብዙ አይበላም።

ስማዳም፣ እስቴም፣ ታች ጋይንትም የሚጻፍ ሞልቷል። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ወይም ትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አገራችሁ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ፈልጉ። ከእሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ከነገጽ ቁጥሩ አስገቡ። ከዚያ አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ሁለተኛውን እሱ ይጻፍ።