በሻይና በኩብዝ የሚሰባ ጉበት



ጉበት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የወፍ በሽታ ወይም መጠጥ ነው። «እኔ አልኮል አልቀምስ፣ ሰውነቴም ቀጭን ነው፤ ጉበቴ ምን ይሆናል?» የምትሉ አላችሁ። ሆኖም መጠጥ የማይቀምስ ሰውም፣ ቀጭን ሰውም ጉበቱ ሊሰባ ይችላል። ሐኪሞች ፋቲ ሊቨር ይሉታል።

ሥራ ሲበዛብን ሻዩን በስኳር አጣፍጠን፣ ኩብዝ ነክረን እንውላለን። ማታም ሩዝ ወይም ኢንዶሚ ነው። ሆድ ሞላ ማለት ግን ሰውነት ጠገበ ማለት አይደለም። ጉበት ከሚያስፈልገው በላይ ስኳርና ዱቄት ሲደርሰው ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ስቡን ጠቅልሎ ወደ ደም ለመላክ ደግሞ ፕሮቲንና ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ኮሊን በእንቁላል አስኳል ውስጥ በብዛት ይገኛል። እነዚህ ሲጎድሉ ስቡ እዚያው ይከማቻል። በምግብ እጥረት ሰውነታቸው ያበጠ ሕፃናት እንኳ ጉበታቸው በስብ ተሞልቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ክፋቱ ለዓመታት ላያምም ይችላል። ድካም ቢኖርም የሥራው ነው ብለን እናልፈዋለን። ሲቆይ ጉበቱ ይቆጣል፣ ይጠባበሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ስቡ ሊቀንስ ይችላል፤ የሚታወቀውም በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ነው።

ከለስላሳ እንጀምር። አንድ ጣሳ ኮካ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ነው። ማዳም አስቤዛ ስትገዛ ሥጋ ከመጠየቅ «አደስ» ማለትም ምስር ጨምሪልኝ ማለት ይቀላል፤ ርካሽ ነው፣ ለጾምም ይሆናል። ፉልና ሁሙስም እንዲሁ። በፍስክ የተቀቀለ እንቁላልና እርጎ ይጨመር። ቡናችንን አትጥሉት፤ ለጉበት ጠላት አይደለም፣ ስኳሩን ብቻ ቀንሱ። ለመቅጠን ብሎ መራብም ጉበትን ይጎዳል። ሳይበሉ ፓራሲታሞል መደጋገምም አደገኛ ነው።

ምግብ የሚከለከሉ እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነርሱ «እንቁላል ብሉ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ በኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ምግብና ሕክምና ማቅረብን የአሠሪ ግዴታ አድርጎታል።

ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ሆዳችሁ ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷችሁ ጠይቁ። ጉበት በዐረብኛ «ከቢድ» ይባላል።