ስለ አክሲዮን ደላሎች ዋጋ

በአሜሪካ የአክሲዮን ደላሎች ኮሚሲዮን በቁርጥ ተመን የተወሰነ ነበር፤ ይህም በሜይ 1 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ተሻረ። በኦክቶበር 2019 ደግሞ ቻርልስ ሽዋብ በኢንተርኔት ለሚፈጸም ግዢና ሽያጭ ይቀበለው የነበረውን 4.95 ዶላር አስቀረ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ይሁን እንጂ ደላላው ያለ ጥቅም አይሠራም። ብዙዎቹ የደንበኛውን ትእዛዝ ለትልልቅ ነጋዴዎች አስተላልፈው ከእነርሱ ክፍያ ይቀበላሉ። 1000 አክሲዮን የሚገዛ ሰው በእያንዳንዱ 1 ሴንት ቢጨመርበት 10 ዶላር ያጣል፤ ይኸውም ከቀረው ኮሚሲዮን እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ደላሎችን ስናነጻጽር ግዢው የሚፈጸምበትን ዋጋ፣ ሥራ ላይ ላልዋለ ገንዘብ የሚከፈለውን ወለድ፣ ለብድር የሚጠየቀውን ወለድና በችግር ጊዜ የሚገኘውን እርዳታ አብረን መመርመር ይገባናል። ደላሎቹ ትእዛዙን ወዴት እንደሚልኩ በየሦስት ወሩ እንዲያስታውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋልና፣ መግለጫውን አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል።